ሀስኪ በደብረ ብርሃን፦ የፀጉር ሥራ ማስታወሻ

ሐምሌ 8፣ 2016

ሮኪ ከመጣ 3ኛ ቀኑ ነው። የወንድሜ ውሻ ነበር። አዲስ አበባ አዲስ የተከራየው ቤት ውሻ አይገባም ተባለና «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ለሱ ይስማማዋል» ብሎ አምጥቶ ለኔ ጣለው። ሳይቤሪያን ሀስኪ ነው፣ ወንድ፣ 4 ዓመቱ። ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አቅፌው ወጣሁና የራሴን ስቀንስ 26 ኪሎ መጣ። አንዱ ዓይኑ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ ነው። እናቴ መጀመሪያ ስታየው አማተበች። የሰፈር ልጆች «ተኩላው» ብለውታል፣ አይደለም እያልኩ ማስረዳቱ ሰልችቶኛል።

ችግሩ ፀጉሩ ነው። ላዩን ሲያዩት ያምራል። እጅህን ወደ ውስጥ ስትሰድ ግን የተቋጠረ ነገር አለ። ከጆሮው ኋላ፣ ብብቱ ውስጥ፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ የኋላ እግሮቹ ላይ ሱሪ የመሰለው ቦታ። ወንድሜ «አልፎ አልፎ አበጥረው ነበር» ይላል። አልፎ አልፎ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ይሄ ዘር ድርብ ፀጉር ነው ያለው። የላይኛው ረጅምና ሸካራ ነው፣ ውሃና ፀሐይ ይመልሳል። የውስጡ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ነው፤ ሙቀት የሚይዘው እሱ ነው። በብዛት የሚረግፈውም እሱ። ሲረግፍ ግን ሁሉም መሬት አይወድቅም። የላይኛው ፀጉር ይዞት እዛው ይቀራል። ካላወጡት ይተሳሰራል።

ሐምሌ 11

ሳላበጥር አጠብኩት። የመጀመሪያው ትልቅ ስህተት ይሄ ነው።

ሥራዬ ሞተር ጥቅለላና ትንሽ ብየዳ ነው። እኛ ጋ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ይጸዳል፣ ከዚያ ይፈታል። ውሻም እንደዛ መሰለኝ። ሁለት ጀሪካን ውሃ አሙቄ በልብስ ሳሙና እንደ ጋቢ አሸሁት። ውሃው ቆዳው ጋ እስኪደርስ ብቻ 10 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ላይ ላዩን ይንሸራተታል። ሳሙናው ደግሞ ከገባ በኋላ አልወጣም አለ። ሦስተኛ ጀሪካን፣ አራተኛ ጀሪካን።

በነጋታው ቋጠሮው ሁሉ ጠብቆ ጠበቀኝ። ጭኑ ላይ የነበረችው የሎሚ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ መዳፌን የሚያህል ምንጣፍ ሆናለች። ጣት አታስገባም።

ጎረቤታችን እማማ የመንዝ ሰው ናቸው፣ እስከ ዛሬም የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። አጥር ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «ምነው ልጄ፣ ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲያሹት እንደሚጠብቅ አታውቅም? መጀመሪያ አፍታታው እንጂ» አሉኝ። ይሄን ከትናንት ወዲያ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት። አልጠየቅኳቸውማ።

ሳሙናውም ሌላ ጣጣ ነው። የሰው ቆዳ ትንሽ ወደ አሲድ ያዘነብላል፣ የውሻ ቆዳ ወደ መሃል ይጠጋል፣ የልብስ ሳሙና ደግሞ ከሁለቱም የራቀ አልካላይን ነው። የቆዳውን ቅባት ጠራርጎ ይወስደዋል። በ3ኛው ቀን ጀርባው ላይ ፎረፎር ታየ።

ወጪ፦ ሳሙና 45 ብር፣ ከንቱ።

ሐምሌ 14 – 22

መሣሪያ ፍለጋ። አዲስ አበባ የቤት እንስሳት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ደወልኩ። የውስጥ ፀጉር ማውጫ መቧጠጫ 1,900 ብር፣ መላኪያው ለብቻ። ተውኩት። የእናቴን ሚዶ ሳላስፈቅድ ወሰድኩ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጥርሱ ተሰበረ። የቀረውንም እናቴ «ውሻ የነካው ሚዶማ ራሴን አይነካም» ብላ ወረወረችው። አዲስ ገዛሁላት፣ 60 ብር።

ስለዚህ ራሴው ልሥራው አልኩ። መቧጠጫው ቀላል ነገር ነው፤ እጀታ፣ አንድ ረድፍ ጥርስ፣ አለቀ።

አንደኛው ሙከራ። 12 ሳንቲሜትር የወይራ እንጨት ሞርሳ ላይ አስሬ በትራፓን በየ6 ሚሊሜትሩ በሳሁ፣ 12 ምስማር ከተትኩ፣ ራሳቸውን ቆርጬ ጫፋቸውን በግራይንደር መታሁ። የጥርሱን ርዝመት የወሰንኩት ማስመሪያ ፀጉሩ ውስጥ አቁሜ ነው፤ ከቆዳው እስከ የውስጡ ፀጉር ጫፍ ወደ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል መጣ። ጥርሱ ከዚያ ካጠረ ላዩን ብቻ ያሳምራል፣ ውስጡ እንዳለ ይቀራል። ወንድሜ ጋ የሆነው ይሄው ነው፣ የነበረችው ብሩሽ ጥርሷ አንድ ሳንቲሜትር አትሞላም።

ውሻው ላይ ከመሞከሬ በፊት ክንዴ ላይ ጎተትኩት። 12 ቀይ መስመር። ግራይንደር ጫፉ ላይ ጥፍር የመሰለ ሹል ነገር ትቶበታል። በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አድቦለቦልኩት። መፈተኛውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፦ የእህቴን አሮጌ ስቶኪንግ ወጥሮ ላዩ ላይ መጎተት። ክር ከያዘ ገና ነው። ካልያዘ ለቆዳ ይሆናል።

ሁለተኛው ሙከራ ጥሩ ሠራ፣ ግን በአንድ ሳምንት ዛገ። የደብረ ብርሃን ክረምት ምን ይምረዋል።

ሦስተኛው ላይ ምስማሩን ትቼ 2.5 ሚሊሜትር የስቴንለስ የብየዳ ኤሌክትሮድ ወሰድኩ። ሽፋኑን በመዶሻ አራግፌ፣ ቆራርጬ፣ አድቦልቡዬ በማጣበቂያ ተከልኩት። ሁለት ኤሌክትሮድ በቂ ነው። እስካሁን እሱው ነው ያለው። እንጨቱ ትርፍራፊ ስለሆነ ጠቅላላ ወጪው 100 ብር አይሞላም፤ የሄደው ሦስት ምሽት ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

የቋጠሮው ነገር። መጀመሪያ እየሳብኩ ነበር፣ ሮኪ ዞሮ እጄን በጥርሱ ያዝ አደረገኝ። አልነከሰኝም፣ አስጠነቀቀኝ። ልክ ነው። አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ቋጠሮውን ከስሩ በሁለት ጣት እይዛለሁ፣ ቆዳው እንዳይሳብ፤ ከዚያ ከጫፉ ጀምሬ በጣቴ እፈታለሁ። የማይፈታውን በመቀስ ከቆዳው ወደ ውጭ አቅጣጫ፣ ፀጉሩን ተከትዬ ሁለትና ሦስት ቦታ እሰነጥቀዋለሁ። መቀሱን አግድም አድርጎ ከስር መቁረጥ አደጋ ነው። ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚነሳ ፀጉር የቆረጥክ መስሎህ ሥጋ ትቆርጣለህ። ማበጠሪያ ከቆዳው በላይ ከቋጠሮው በታች አስገብቶ ከሱ በላይ መቁረጥ ነው።

የቀረው ትዕግሥት ነው። በግራ እጅ ፀጉሩን ወደ ላይ ትይዛለህ፣ ነጩ የቆዳ መስመር እስኪታይ ድረስ፤ ከመስመሩ በታች ያለውን ብቻ ወደ ታች ትቧጥጣለህ፣ ከዚያ መስመሩን አንድ ጣት ከፍ ታደርጋለህ። ከእግር ጀምሮ ወደ ጀርባ። የቆዳውን መስመር ካላየህ አላበጠርክም። በቀን 40 ደቂቃ፣ 8 ቀን። ግማሽ ማዳበሪያ ፀጉር ወጣ። ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው።

ነሐሴ 4

ጭቃ። በሬሳ ወንዝ ዳር ወስጄው ነበር። መረሬው ጣቶቹ መሃል ባለው ፀጉር ላይ ተጋግሮ ጠጠር ሆነ፣ በመጨረሻ አነከሰ። ቤት ገብቶ እግሩን ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ ብቻ ነው መፍትሔው። ከመዳፉ በታች ተርፎ የሚወጣውን ፀጉር ከመዳፉ እኩል ከረከምኩት። በጣቶቹ መሃል ከላይ ያለውን አልነካሁም፣ እሱ ለበረዶ የተሰጠው ጫማ ነው።

በጎቹ የሚሰማሩበት ሣር ስለሆነ መዥገር ይዞ ይመጣል። ጆሮው ውስጥ ሦስት አገኘሁ። በወረንጦ ከቆዳው ተጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ክብሪት፣ ጋዝ፣ ምናምን አያስፈልግም።

ነሐሴ 12

ሁለተኛ እጥበት። በዚህኛው ሁሉን አውቄያለሁ ብዬ ነበር። መጀመሪያ አበጠርኩ። የውሻ ሻምፑ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ 650 ብር። አንድ እጅ ሻምፑ በአስር እጅ ውሃ በጥብጬ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳኑን በስቼ፣ በቀጥታ ቆዳው ላይ። ይሄ ዘዴ በጣም ሠራልኝ። ሻምፑውም አይባክንም፣ አጥቦ ማውጣቱም ይቀላል። ውሃው ለብ ያለ እንጂ ሙቅ አይደለም።

ማድረቁ ላይ ወደቅኩ። የእህቴን የፀጉር ፎን ይዤ ጀመርኩ። በአንድ ሰዓት ግማሽ ጎኑ እንኳን አልደረቀም። ፎኑ ላዩን ያሞቃል እንጂ ከስር ያለውን ውሃ አያወጣም። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ደመና፣ ነሐሴ። በፎጣ አሸሁት፣ በጆንያ አሸሁት፣ ላዩ ደረቅ መሰለኝና ተውኩት። መብራት የመጣው በማግሥቱ ነው።

ነሐሴ 15

ቀኝ ጭኑ ላይ ሲልስ ሲልስ አድሯል። ጠዋት ሳየው ፀጉሩ ተጣብቋል፤ ገለጥ ሳደርገው ብር የሚያህል ቀይ፣ እርጥብ፣ የሚሸት ቁስል። ትናንት ማታ ምንም አልነበረም። ዛሬ ማታ ስመለስ እጥፍ ሆኗል። ውስጡ ያልደረቀ ፀጉር ቆዳው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቶ ሲያድር የሚመጣው ይሄ ነው፣ ውሻው ራሱ ደግሞ በመላስ ያባብሰዋል።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ፀጉሩን ከዙሪያው ቆርጦ አየር እንዲያገኝ አደረገ፣ አጠበው፣ ቅባት ሰጠኝ። እንዳይልስ ከቀለም ባልዲ ቂጡን ቆርጬ አንገትጌ ሠራሁለት። ከሁሉም በላይ ያዋረደው ባልዲው ነው። በር ሁሉ እየነካ ሲያንኳኳ ነው የሰነበተው።

ሕክምናና መድኃኒት 480 ብር።

ነሐሴ 19

እዚህ ጋ የማፍርበትን ነገር ልጻፍ። በግ የሚሸልት ጓደኛ አለኝ። «ምን ያስለፋሃል፣ ላንተ ስል በ20 ደቂቃ ልሸልተው፣ ተመልሶ ይበቅላል» አለኝ። ደክሞኝ ነበር። እሺ አልኩ። በመሸለቻው መቀስ ግራ ጭኑን ጀመረ፣ የሁለት እጅ ስፋት ያህል ሄደ።

ሮኪ አልተቃወመም። ዝም ብሎ ቆመ። የተሸለተው ቦታ ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን ንፋሱ ሲነካው ቆዳው ይንቀጠቀጣል። አስቆምኩት።

በኋላ ሐኪሙን ስጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። የበግ ፀጉር ሳያቋርጥ ያድጋል። የዚህ ውሻ ፀጉር ግን ልኩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ ዕረፍት ላይ ነው የሚቆየው። ዕረፍት ላይ ያለውን ከቆረጥከው ሥሩ ቶሎ አይነሳም። ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱም እንደ ድሮው አይሆንም። መጀመሪያ የሚመጣው ደግሞ የውስጡ ስለሆነ ያለ ሽፋን ይቀርና ውሃም ጭቃም ይጠጣል። በጉን ሸልተህ ትሸጣለህ፣ ይሄንን ሸልተህ ምን ልታደርግ ነው፣ አለኝ።

የተሸለተውን ቦታ በየወሩ ፎቶ አነሳዋለሁ።

መስከረም 6

ማድረቂያ። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት ሙቀት ሳይሆን ኃይለኛ ንፋስ የሚሰጥ ማሽን ነው። ውሃውን ከፀጉሩ ገፍቶ ያወጣዋል፣ የረገፈውንም አብሮ ያስወጣል። ዋጋው የሚታሰብ አይደለም። እኛ ወርክሾፕ ግን የሞተር አቧራ የምናራግፍበት የእጅ ብሎወር አለ፣ 600 ዋት። ለሮኪ ብዬ ሌላ ገዛሁ፣ 3,800 ብር። የወርክሾፑ አቧራና ዘይት ጠጥቷል፣ እሱን አልነፋበትም። ኮምፕረሰርም አስቤ ነበር። ከአፉ የሚወጣው ንፋስ ቀጭንና ኃይለኛ ስለሆነ ለቆዳም ለጆሮም አደገኛ ነው፣ ተውኩት።

ድምፁ ግን ከባድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳበራው አጥር ዘሎ እማማ ጎመን ውስጥ ገባ። ሀስኪና አጥር ሌላ ማስታወሻ ይወጣቸዋል። ከዚያ በኋላ በቀስታ ሄድኩ። ሁለት ቀን ብሎወሩ ሳይበራ አጠገቡ ተቀምጦ ምግቡን በላ። ሁለት ቀን ግቢው ጥግ ላይ በርቶ። ከዚያ ቀረብ። ጆሮው ላይ የቀድሞ ካልሲ እንደ ቆብ አጠለቅኩለት። በ9ኛው ቀን ከኋላ እግሩ ጀምሬ ነፋሁ፣ ቆመ። ፊቱንና ጆሮውን በብሎወር አልነካም፣ በፎጣ ብቻ።

ንፋሱ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ፀጉሩ እንደ ጽጌረዳ ክብ ሠርቶ ይከፈታል፣ መሃሉ ላይ ሮዝ ቆዳ ይታያል። እርጥብ ከሆነ ክቡ አይከፈትም፣ ተጣብቆ ይቀራል። መድረቁን የማውቀው በዚህ ነው። በእጅ መዳበስ ያታልላል።

አዲሱ ሕግ፦ ማጠብ በ3 ወር አንዴ፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት ተጀምሮ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ብቻ። መብራት ከሌለ አይጀመርም።

መስከረም 27

ሸዋ ሮቢት የመስኖ ፓምፕ ላደርስ ስሄድ ሮኪን ይዤው ሄድኩ። አልነበረብኝም። ጣርማበርን አልፈን ደብረ ሲና እስክንደርስ ደህና ነበር፣ ከዚያ ቁልቁል በወረድን ቁጥር ምላሱ ረዘመ። እኛ 2,800 ሜትር ላይ ነው የምንኖረው፣ ሸዋ ሮቢት ከዚያ ግማሹን እንኳ አይደርስም። ፓምፑን ጥዬ ጥላ ስር አስተኛሁት፣ ሆዱንና መዳፉን አረጠብኩ፣ በትንሽ በትንሹ ውሃ ሰጠሁት። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ፀጉሩን ላጨው እንጂ» ይለኛል። ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ እንደኛ በላብ አይደለም። የላይኛው ፀጉር ፀሐዩን ይመልስለታል። ልላጨው ብል ቆዳው ነው የሚቃጠለው። መፍትሔው ወደዚያ አለመውሰድ ነው፣ ወይም ሌሊት መሄድ። ማታ ስንመለስ ጣርማበር ጉም ውስጥ ስንገባ ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ።

ጥቅምት 21

ውርጭ ጀመረ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ሮኪ የሠራሁለት ቤት ውስጥ አይደለም፣ ሣሩ ላይ ተጠቅልሎ ጅራቱን አፍንጫው ላይ ጥሎ ተኝቷል። ሣሩ ነጭ ነው። እሱም ነጭ ነው። ውርጩ የጀርባው ፀጉር ጫፍ ላይ እንደ ስኳር ተቀምጧል፣ አልቀለጠም። ጣቴን ወደ ውስጥ ሰደድኩ፤ ከአንድ ሳንቲሜትር በኋላ ሙቀት ጀመረ፣ ቆዳው ጋ ስደርስ እጄ ሞቀ። ያን ሁሉ ሙቀት ይዞ ላዩ ላይ ያለችውን ውርጭ ማቅለጥ አልቻለም፤ ምንም አያሾልክማ። የተሸለተው ጭን ላይ ግን ውርጭ የለም። ቀልጦ ረጥቧል። እዛ ጋ ሙቀቱ እየወጣበት ነው። ጆንያ አለበስኩት፣ ቀድዶ ጣለው።

ጓደኞቼ መንዝ ያለው ጓሳ ወስደን ፎቶ እናንሳው ይላሉ። አይሆንም። እዛ ቀይ ቀበሮ አለ፣ በዓለም የቀረው ጥቂት መቶ ነው፣ የውሻ በሽታ ደግሞ ይፈጀዋል። ሮኪ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል፣ ቢሆንም።

ኅዳር 3

አዲስ ችግር። ዓይኑ ዙሪያ ፀጉሩ ሳሳ፣ ቅርፊት ያዘ። ከንፈሩ ጠርዝ ላይም። ክርኑም እንዲሁ። ማበጠሩም ማድረቁም ልክ ነው፣ ፀጉሩ ግን ደብዝዟል፣ ሲነኩት ይሰበራል።

እከክ ነው አልን ሁላችንም። ሰፈር ውስጥ ያለው መድኃኒት ደግሞ የታወቀ ነው፦ የተቃጠለ ዘይት ቀባው። ወርክሾፕ ውስጥ ያለ ሰው ዘይት አይቸግረው። ክርኑ ላይ ቀባሁት።

ኅዳር 6

ሐኪሙ ጥቁሩን ክርን ሲያይ የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ዘይቱን ውሻው ይልሰዋል፣ መርዝ ነው፣ ቆዳውንም ያቃጥላል። እሱን መጀመሪያ አጠብን።

ከዚያ በምላጭ ጀርባ ከቅርፊቱ ስር ፋቅ ፋቅ አድርጎ ማይክሮስኮፕ ላይ አየ። የእከክ ተባይ የለም። ሌላ ቦታም ደገመ፣ የለም። ቁጭ አለና «ምንድነው የምታበላው?» አለኝ።

የማበላውን ቆጠርኩ። የፉርሽካ ገንፎ በአጥንት መረቅ፣ ከዳቦ ቤት የደረቀ ዳቦ፣ የተረፈ እንጀራ፣ አጥንት። በኩራት ነው የነገርኩት፣ በወር ምን ያህል እንደማወጣበት ስላሰላሁት።

ከሀስኪና ማላሙት ከሚባለው ሌላ የበረዶ አገር ውሻ መሃል ዚንክ የሚባለውን ማዕድን ከምግብ ውስጥ መምጠጥ የሚቸግራቸው አሉ፣ በዘር የሚመጣ ነው። እህል ውስጥ፣ በተለይ የፍሬው ልጣጭ ላይ፣ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ዚንክን ይይዘውና ሳይመጠጥ ያልፋል። አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየምም ከዚንኩ ጋር ይሻማል። ፉርሽካ ማለት ልጣጩ ነው። እኔ ፉርሽካና አጥንት አንድ ላይ ቀቅዬ በየቀኑ ሳበላው ነበር። አስቤበት ብሠራ እንኳን ከዚህ የባሰ አላገኝም። ምልክቱ ደግሞ ልክ እንደዚህ ነው፣ ዓይን ዙሪያ፣ ከንፈር፣ ክርን።

ወጥ ያለበት እንጀራም ከለከለኝ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻ ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ይሄን አላውቅም ነበር፣ ግማሹ የሰፈራችን ውሻ በወጥ ነው ያደገው።

መድኃኒቱ አስቂኝ ነው። ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጠው 20 ሚሊግራም የዚንክ ኪኒን፣ ማንኛውም ፋርማሲ ያለው። ለኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ታስቦ በቀን 3 ኪኒን አዘዘለት። ፋርማሲስቷ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። ለውሻ ነው ስላት የሐኪሙን ወረቀት ሁለቴ አነበበችው። ራስህ ገምተህ አትስጥ፣ ከልኩ ያለፈ ዚንክ ይመርዛል።

በመጀመሪያው ቀን በባዶ ሆዱ ሰጠሁት፣ አስታወከ። ከምግብ ጋር ነው።

ኅዳር 19

ምግብ ቀየርኩ። ሳምባ፣ ጨጓራ፣ ትንሽ ጉበት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሩዝ። ግን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። ደንበኛዬ ሉካንዳ እስከ ገና ዘጋ። ሙስሊም ሥጋ ቤት አገኘሁ፣ ሳምባውን በርካሽ ይሰጡኛል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን እወስዳለሁ። ግማሹን ያለ ጨውና ያለ በርበሬ እንደ ቋንጣ ዘልዝዬ ኮርኒስ ስር ሰቀልኩት። ቤት ሙሉ ሰው እየጾመ ግቢው ሥጋ ይሸታል። እናቴ «ያንተ ውሻ ጾም አይገድፍም፣ እኛን ነው የሚያስገድፈን» አለች። ለሁዳዴ 55 ቀን ካሁኑ ማሰብ አለብኝ።

የምግቡ ወጪ በሳምንት ከ150 ብር ወደ 420 ወጣ። እውነቱን ለመናገር ከብሎወሩ ይልቅ ይሄ ነው ኪሴን የነካው።

ታኅሣሥ 14

አምስት ሳምንት ሆነው። የዓይኑ ቅርፊት ረግፏል፣ ስሩ ላይ ጥቁር ጥቁር ፀጉር እየወጣ ነው። ክርኑ ገና ነው። ፀጉሩ ግን ተቀይሯል፤ ሳበጥረው ድሮ ይሰበር ነበር፣ አሁን ሙሉውን ከሥሩ ነው የሚወጣው። አራት ወር መቧጠጫ ሳሻሽል፣ ብሎወር ስገዛ፣ ሻምፑ ስበጠብጥ፣ ችግሩ ግማሹ ሳህኑ ላይ ነበር።

ጥር 4

እየረገፈ ነው። በሳምንት ውስጥ ሦስት ፌስታል። ጎኑ ላይ ጥጥ ጥጥ እየሆነ በራሱ ብቅ ይላል፣ በሁለት ጣት ስስበው ምንም ሳያመው ይመጣል። ወንድሜ «አዲስ አበባ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ነበር የሚረግፈው» ይላል። እሱም ያስኬዳል። መርገፉን በዋናነት የሚያዘው የቀን ብርሃን ርዝመት ነው። በሰሜኑ አገራቸው በጋና ክረምት የቀኑ ርዝመት እጅግ ስለሚራራቅ በዓመት ሁለት ጊዜ ጥርት ብሎ ይረግፋል። እዚህ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መሃል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከትንሽ ነው። ፀጉሩ መቼ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ወቅት መጠበቁን ትቼ በሳምንት ሁለት ቀን አበጥራለሁ፣ ሲበዛ በየቀኑ።

የተሸለተው ቦታ፦ የውስጡ ሞልቷል፣ የላይኛው ገና ግማሽ ነው፣ ቀለሙም ጠቆር ብሏል። አምስት ወር ሊሞላው ነው።

ጥር 15

ፌስታሉን አጥር ላይ ሰቅዬ እማማ አዩት። ትንሽ ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። «የውሻ ባይሆን ኖሮ» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩ። «ከበጉ ይለሰልሳል እኮ። አጭር ነው እንጂ።»

ቤት እንደማያስገቡት ነገሩኝ። ግን እንዝርታቸውን ይዘው ወጡና አጥሩ ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብቻውን ሲፈትሉት ተበጠሰ፣ አጭር ስለሆነ አይያያዝም። ከራሳቸው የበግ ፀጉር ጥቂት ቀላቀሉበት፣ ያዘ። ግራጫ፣ ጭስ የመሰለ ክር። አንድ ክንድ ያህል ፈተሉና ጠቅልለው ወረወሩልኝ፣ እጃቸውን ሦስቴ ታጠቡ።

ክሩን የመቧጠጫው እጀታ ላይ ጠመጠምኩት፣ እርጥብ እጅ ያንሸራትት ነበር። አምስተኛው ጥርስ ላልቷል። ቅዳሜ ነቅዬ እንደገና እተክለዋለሁ።